የኦቦ ዲንሳ ንብና የሌታ እስራት

እኔ ደግፌ የጊንጪ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆም ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ እኔም ከዚህ በሽታ ነፃ ነኝ አልልም። ነገር ግን በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. በግንቦት ወር ወደ አምቦ ስሄድ ያየሁትን ለተማሪዎቼም ለጎረቤቶቼም ነግሬ፣ አሁንም ገና ያልተናገርኩት ይመስለኛል፤ ስለዚህ ለአንባቢ እጽፈዋለሁ። አምቦ ማለቴ መንግሥት ሀገረ ሕይወት ብሎ የሰየማትን ከተማ ነው፤ የአገሩ ሰው ግን ዛሬም በጥንቱ ስሟ ስለሚጠራት እኔም ከአገሩ ሰው አልለይም።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። ለትምህርት ቤታችን የተመደበውን መጽሐፍ ለመረከብ ማልጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሞልቶ የመጣ ነው፤ ረዳቱ ግን «ግቡ፣ ባዶ ነው!» እያለ ሰው በሰው ላይ ይጭናል። እኔ በዕድል አንድ መቀመጫ አገኘሁ። በመስኮቱ በኩል ወሰንየለሽ የምትባል የአምቦ ሐኪም ቤት ነርስ ተቀምጣለች፤ ጊንጪ ለክትባት መጥታ ስለነበር ቀድሞም እንተዋወቃለን። ወጣት ናት፤ ንግግሯ ለስላሳ ነው፤ ዐይኗ ግን ዝም ብሎ አያልፍም።

ልንነሣ ስንል አንድ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ የማር ቅል ታቅፈው ገቡ። በሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኙን አዩ። የተነሣላቸው አልነበረም። ይነሣ ቢባልም በመተላለፊያው የተከመረው ጆንያና የቆመው ሰው አያስነሣም።

«ድሮ ሽማግሌ ሲገባ ኖር ይባል ነበር» አሉ ጮክ ብለው። «ዛሬ ኖር የሚል አፍ ጠፋ!»

«ኦቦ፣ ብንነሣስ ቆመን የት እንገባለን?» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ወሰንየለሽ ወደ መስኮቱ ተጣበቀች፣ እኔም ወደ እርሷ ተጠጋሁ፣ ሽማግሌው ከዳር ተቀመጡ፤ ለሁለት የተሠራው ወንበር ሦስት ሰውና አንድ ቅል ያዘ። ኦቦ ዲንሳ እንደሚባሉ፣ ከጭልሞ ደን ጥግ የሚኖሩ የታወቁ ባለ ንብ እንደሆኑ ነገሩን።

«አይ ዘመን!» አሉ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ። «የተጫነው ሰው ነው ወይስ እህል? ሰው እንዲህ ተፋፍጎ ይሄዳል? እግሬ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።»

«ይታገሡ አባቴ፤ አምቦ ሩቅ አይደለም» አለች ወሰንየለሽ። «ለደግ ነው የሚሄዱት?»

«ለሙግት ነው። ነገ ቀጠሮዬ ነው።»

ሙግት ሲሉ ፊታቸው በራ። አንዳንድ ሰው ስለ ልጁ ሠርግ ሲያወራ እንዲህ ያደርገዋል። በስተቀኛችን የጭልሞ ደን ከጭጋጉ ውስጥ ሲወጣ እኔ ዐይኔን ከዚያ መንቀል አቅቶኝ ነበር፤ ዛፎቹ የቆሙበት ጸጥታ ሁልጊዜ ያስፈራኛል፣ ደስም ይለኛል። ኦቦ ዲንሳ ግን በጣታቸው ወደዚያው እየጠቆሙ ነገራቸውን ጀመሩ።

«ያ ጫፉ የሚታየው ኮሶ አለ አይደል? ትልቁ ቀፎዬ እዚያ ነው የተሰቀለው። ኅዳር ላይ ገበያ ውዬ ስመለስ ንቤ ወጥቶ በሌታ ቀፎ ገብቶ ያጉረመርማል። ሌታ ጎረቤቴ ነው። ባዶ ቀፎ በወይራ አጥኖ፣ ከወሰናችን ላይ ሰቅሎ፣ ንቤን አባብሎ ወሰደብኝ! ‹መልስ› ብለው ‹ንብ ምልክት የለውም› አለኝ። ቀፎውን ላወርድ ስሄድ ዱላ ይዞ ቆመ። ይህ ሌብነት ካልሆነ ሌብነት ምንድን ነው? ከሰስኩት፤ ታሰረ።»

«መታዎት?» አለች ወሰንየለሽ።

«አልመታኝም። ማንሣቱ ይበቃል።»

«ምን ተፈረደበት ታዲያ?»

«ፍርዱ ገና ነው። ቀጠሮ ላይ ነን።»

«ከኅዳር እስከ ግንቦት?» አልኩ እኔ፣ ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ።

«ምን ላድርግ መምህር! አንድ ጊዜ ምስክሬ ቀረ። አንድ ጊዜ ዳኛው ለሥራ አዲስ አበባ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጉልበቴን እያመመኝ ቀረሁ።» ጉልበታቸውን አሻሹና በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «ይህ ጉልበት ደግ ነው፤ ቀጠሮ ሲደርስ ያመዋል። ዘንድሮ ሌታ በእርሻ ወቅት እዚያ ይክረም፤ ንብ ማባበል ምን እንደሆነ ይማር። አሁንም ነገረ ፈጄ ‹ከቀሩ መዝገቡ ይዘጋል› ስላለኝ ነው የምሄደው፤ ይህን ማር የያዝኩትም ለእርሱ ነው። ሌላ ቀጠሮ ይለምንልኛል።»

ወሰንየለሽ ቅሉን አየች፣ ከዚያ እርሳቸውን አየች።

«ይህ ሌታ ቀጭን ነው? ግራ ጆሮው ሥር ጠባሳ አለው?»

«አዎ። የት አወቅሽው?»

«እዚያው ወህኒ ቤት። በየሳምንቱ እየሄድኩ የቅማል መድኃኒት፣ ዲዲቲ፣ እረጫለሁ። ቤቱ ተስቦ ገብቶበታል አባቴ። እስካሁን ሌታን አልያዘውም። ሌላ ቀጠሮ ከተጨመረ ግን ልምልልዎት አልችልም።»

በዚያ ማለዳ የአንድ ሰው ሕይወት በአንድ የማር ቅልና በአንድ ጉልበት ላይ እንደተንጠለጠለ ያን ጊዜ ገባኝ።

ኦቦ ዲንሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዳኛው በዋስ ይውጣ ብለው ነበር እኮ። ዋስ አጣ። የእኛ ቀዬ ሰው እኔን እያየ ለእርሱ ዋስ አይቆምም።»

«ይህ ያስደስትዎታል?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ የአገሩን ነገር አታውቂም። ተከሳሽ በዋስ ወጥቶ በገበያ ሲሄድ የታየ እንደሆነ፣ ሰው ‹ዲንሳ ተረታ› ይላል። በእኛ ዘንድ ከሳሽ የሚረታው ባላጋራው ወህኒ የገባ ዕለት ነው። ዳኛው በኋላ የሚለው ትርፍ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ልብ በል። የኦቦ ዲንሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ብትቀመጥ ሁሉም ይህንኑ ሲል ትሰማዋለህ። እስራትን ከፍርድ በፊት የሚቀመስ ድል አድርገነዋል።

«እዚያ ቤት የታጎረው ሰው ምን አድርጎ የገባ ይመስልዎታል?» አለች ወሰንየለሽ።

«ቀማኛ። ነፍሰ ገዳይ።»

«እነርሱም አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። የሚበዛው ቀጠሮ ጠባቂ ነው። አንዱ በስድብ፣ አንዱ በወሰን ድንጋይ፣ አንዱ ሰው ማሳ በገባች ላም። ከሳሹ ይቀራል፤ ምስክሩ ይቀራል፤ ዋስ ይጠፋል፤ ሰውየው ይቀመጣል። በማግስቱ ሌላ ሰው ይመጣበታል። መግባት በየቀኑ ነው፤ መውጣት ግን አልፎ አልፎ ነው።»

«ታዲያ መንግሥት ቤቱን ያስፋዋ! ይህ የእኔ ጥፋት ነው?»

«ያስፋው እንበል። እናንተ ደግሞ በጉልበት ሕመም ትሞሉታላችሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ኦቦ ዲንሳም ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ግን ቀልድ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ከንፈራቸው ከዳቸው።

«የሌታ ሚስት ካሰች ስንቅ ስታመላልስ አያታለሁ» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስትመለስ ጋቢውን ለማጠብ ትወስዳለች። የት ነው የምታጥበው?»

«ከምንጫችን ነዋ! ሴቶቹ ሁሉ እዚያው አይደሉ?»

«ቅማል ከሳሽና ተከሳሽ አይለይም አባቴ። ከሚያዝያ ወዲህ በቀያችሁ ትኩሳት የያዘው ሰው አለ?»

ሽማግሌው ቅሉን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «የጉታ ሚስት ታመመች። ራሷን ፈለጣት፣ አንቀጠቀጣት። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ሰጠናት። ለቀቃት። ደግሞ ተመለሰባት።»

«ለቀቅ አድርጎ ከተመለሰ ግርሻ የሚባለው ተስቦ ነው። ከወህኒ የመጣ ነው። ጉታ ማን ነው?»

«ልጄ» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «እርሱም ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ተኝቷል።»

በዚያች ደቂቃ ሽማግሌው የተሸነፉ መሰለኝ፤ አልተሸነፉም። የአገሬን ሽማግሌ ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ቀና ብለው «የእግዜር ነገር ነው፤ በሽታ የት የለም!» አሉና ቅላቸውን አጥብቀው ያዙ። ወሰንየለሽም ክርክሩን ትታ፣ ለሐኪም ቤቱ ነግራ ለእነ ጉታ መድኃኒት እንደምትልክ ቃል ገባችላቸው። ጥቂት ከሄድን በኋላ እንደ ዘበት ጠየቀቻቸው።

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ንብ አላውቅም። ንብ ከቀፎው ለምን ይወጣል?»

የኦቦ ዲንሳ ፊት እንደገና በራ። «ንብ በከንቱ አይወጣም! ሲበዛና ቀፎው ሲጠብበት ነው። አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ከበሩ ላይ ተንዠርግጎ ይውላል፣ ድምፁም ይለወጣል። ጆሮህን ቀፎው ላይ ስትለጥፍ ከደህናው ድምፅ በታች አንድ የሚያጓራ ነገር ትሰማለህ፤ ‹ጠበበን› ነው የሚለው። ብልህ ሰው ያን ሲሰማ ሌላ ቀፎ ያዘጋጃል። እኔ ያን ሰሞን ከሌላ ሰው ጋር ሙግት ነበረኝና…»

«ሳያዘጋጁ ቀሩ?»

«ቀረሁ።»

«በሩን ዘግቶ ማስቀረት አይቻልም?»

«የቀፎ በር? ምን ጅል ነው እንዲህ የሚያደርግ! ይታፈናል፤ እርስ በርሱ ይበላላል፤ ማሩ ይበላሻል፤ ቀፎው ራሱ ይሸታል፣ ደግሞ ንብ አይገባበትም…»

ንግግራቸውን አልጨረሱትም። ወሰንየለሽ አንድ ቃል አልጨመረችም፤ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ብሆን ኖሮ፣ እንደ ልማዴ፣ በጠመኔ እየጻፍኩ አብራራው ነበር። እርሷ ተወችው፤ ዝምታዋን አደነቅሁ።

አምቦ ስንወርድ ግን ያዘቻቸው።

«ኦቦ ዲንሳ፣ በሬ ሲገዙ ጥርሱን ሳያዩ ይገዛሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«ለሌታ የመረጡለትን ቤትስ አይተውታል?»

ሽማግሌው በገበያው መካከል ቆመው አሰቡ። ከዚያ ቅሉን ወደ ሌላው ብብታቸው አዛወሩ። «ነይ ውሰጂኝ። ዲንሳ ፈራ አይባልም።»

ወህኒ ቤቱ በር ላይ ዘበኞቹ ነርሷን ያውቋታልና ሹሙን አስፈቅደው አስገቡን። የቀጠሮ እስረኞች ወደሚቀመጡበት ክፍል ወሰዱን። በሩ ሲከፈት አንባቢ ሽታ የሚጠብቅ ይሆናል፤ ሽታውም አልቀረልንም። ከሽታው አስቀድሞ የደረሰን ግን ድምፅ ነበር። ማንም አይናገርም ነበር፤ የሰማነው የትንፋሽ ድምፅ ነው። በጨለማ ውስጥ የታጨቀ የብዙ ሰው ትንፋሽ ሲወጣና ሲገባ ግድግዳው የሚተነፍስ ይመስላል። ኦቦ ዲንሳ ደፉ ላይ ቆመው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጆሯቸውን ቀፎ ላይ ለጥፈው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምን እንደሰሙ ሳይነግሩኝ አወቅሁ።

ዐይናችን ጨለማውን ሲለምድ ሰዎቹ ታዩን። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ የአንዱ ጀርባ በሌላው ጉልበት ላይ ተደግፎ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው እግር የሚያስገባ ቦታ የለም። አሰፋ የሚባል ረጅም ሰው፣ እስረኞቹ የክፍሉ አለቃ ያደረጉት፣ በሩ ላይ የቆመውን ነጭ ጢም አየና ጮኸ።

«ሽማግሌ ገባ! ኖር!»

«ኖር!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

ተነሡ። አንዱ እንዲነሣ ጎረቤቱ መነሣት ነበረበት፤ ስለዚህ ከበሩ ጀምሮ እየተደጋገፉ፣ የታመመውን በብብቱ ይዘው እያነሡ፣ እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ተነሡ። ቆመውም እርስ በርሳቸው ተጣበቁና፣ ቦታ በሌለበት ቤት ውስጥ፣ በክፍሉ መካከል አንድ ቁርበት የምታህል ቦታ ከፈቱ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰማኝ ዓይነት ፍርሃት ያዘኝ፤ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለሽማግሌው ማንም ያልተነሣበት የጠዋቱ አውቶቡስ ትዝ አለኝ።

ከመካከላቸው አንዱ ጋቢውን አውልቆ በተከፈተችው ቦታ ላይ አነጠፈ። ከግራ ጆሮው ሥር ጠባሳ ነበረው።

«በእግዜር… በእግዜር» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዲንሳ?» አለ ሌታ፣ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን እየጠየቀ። ጉንጩ ገብቷል።

ወሰንየለሽ የሽማግሌውን ክንድ ያዝ አድርጋ «አይቀመጡ፤ ጋቢው ቅማል አለው» አለቻቸው በሹክሹክታ።

«ጋቢውን ላነጠፈልኝ ሰው ጀርባዬን ልስጥ?» አሉና ተቀመጡ። ክፍሉም ተከትሏቸው ተቀመጠ።

«ቀን ደህና ነው» አለ አሰፋ፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ባለ ቤት። «ሌሊት ሁላችንም በአንድ ጎን ነው የምንተኛው። ‹ዙር› ስል ሁሉም አብሮ ይዞራል። አንድ ሰው ብቻውን መገላበጥ አይችልም። የታመመው በሩ አጠገብ ነው ቦታው፤ አየር እንዲያገኝ። ባለፈው ሰሞን ሁለት ሬሳ አውጥተናል። የአንደኛው ቀጠሮ በማግስቱ ነበር።»

«በምን ተከሶ?» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«በስድብ።»

ሽማግሌው ጋቢውን ወዳነጠፈላቸው ዞሩ። ከዚያ «ሌታ» አሉ፤ ምን ሊሉ እንደሆነ ግን የሚያውቁ አይመስሉም። ሌታ ቀደማቸው።

«ንቡ እንዴት ነው?» አለ። «ክረምት ሳይገባ ቀፎው ሣር ይልበስ። ካሰች ዛፍ አትወጣም። እርስዎ ሰው ቢያዝዙልኝ… የማንኛችንም ይሁን፣ ንቡ አይለቅ። ዱላ ማንሣቴንም አጥፍቻለሁ። ያኔ ደሜ ፈልቶ ነው።»

ኦቦ ዲንሳ ለነገረ ፈጁ ያመጡትን የማር ቅል አንሥተው ለአሰፋ ሰጡት። «በሩ አጠገብ ላሉት» አሉ። ሲወጡም ያ ሁሉ ሰው እንደገና ተነሣላቸው።

ከውጭ ወሰንየለሽ ከአንገትጌያቸው እስከ ቁምጣቸው ዲዲቲ ነፋችባቸው፤ ከወፍጮ ቤት የወጡ መሰሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እንቀልድባቸው ነበር። ከአጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ድምፅ!» አሉ። «ሰማህ መምህር? ንብ ሊወጣ ሲል የሚያሰማው ነው። እነዚህ ግን መውጫ የላቸውም።»

«ንቡ የወጣው ሌታ ስለጠራው ነበር?» አልኳቸው።

«ስለጠበበው ነው። ቀፎ ያላዘጋጀሁ እኔ ነኝ። ይህን ከኅዳር ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለሰው መንገር አልፈለግሁም እንጂ።» ጢማቸውን ያዙ። «አሁን ምን ላድርግ? ባስፈታው ሰው ምን ይለኛል? እርቅ የጠየቀ ከሳሽ ፈራ ነው የሚባለው።»

«እዚያ ውስጥ ኖር ያሉዎት ሰዎች ስለ ፈሩዎት ነው?» አለች ወሰንየለሽ።

«ምኔን ይፈሩኛል! አከበሩኝ እንጂ።»

«እንግዲያው ሰው ሳይፈራ ማክበር ከተቻለ፣ ሳያስሩ መርታትም ይቻላል። አባቴ፣ እኔ ሌባ ይለቀቅ አላልኩም። ሰው የገደለ፣ ቤት የሰበረ፣ ይታሰር፤ ሕግም ይፍረድበት። በስድብና በንብ የተጣላ ግን ቀድሞ በሽማግሌ ይታይ፤ እናንተ ጃርሱማ የምትሉት የአገር ሽማግሌ የት ሄዶ ነው ሁሉ ነገር አምቦ የሚመጣው? ፍርድ ቤት ከደረሰም ከሳሽ በቀጠሮው ይገኝ። ዳኛ በዋስ ይውጣ ካለ ጎረቤት ለጎረቤቱ ዋስ ይሁን። ይህ ሁሉ የመንግሥትን ግንብ አይጠይቅም።»

«ዋስ…» አሉ ኦቦ ዲንሳ፣ ቃሉን እንደ አዲስ እየቀመሱት። ከዚያ ለማደር ወደ ዘመዳቸው ቤት ሄዱ።

በማግስቱ መጽሐፍ ቤቱ «ነገ ተመለስ» ስላለኝ (ቀጠሮ የማይወድ መሥሪያ ቤት በአገራችን የለም) ወደ ችሎቱ ሄድኩ። ሌታ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ነገረ ፈጁ ማሩን ሳያገኝም ቢሆን ሌላ ቀጠሮ ሊለምን አፉን ሲከፍት፣ ኦቦ ዲንሳ በዱላቸው ደረቱን ገፋ አድርገው ወደ ፊት ወጡ።

«ጌታዬ፣ ቀጠሮ አልፈልግም። ነገሩን በሽማግሌ እንድንጨርስ ይፈቀድልኝ፤ ሰውየውም ዛሬ በዋስ ይውጣ።»

ዳኛው መዝገቡን አገላበጡ። «በዋስ እንዲወጣ ከታዘዘ ቆይቷል። ዋስ ነው የጠፋው።»

«እኔ አለሁ።»

«እንዴት?»

«ዋሱ እኔ ነኝ።»

ችሎቱ አጉረመረመ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ዲንሳ፣ ከሳሹ እርስዎ ነዎት። ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሲሆን እኔ አይቼ አላውቅም። ሰውየው ቢጠፋብዎስ?»

«ቢጠፋ የምጎዳው እኔ ነኝ፤ ከሳሽነቴንም ዋስነቴንም ያጠፋብኛል። ከእኔ ይልቅ የሚጠብቀው ሰው ከየት ይመጣል? ትናንት ያለበትን ቤት አየሁ፣ ጌታዬ። እዚያ እንዲያድር በበሬዬ ላይ እንኳ አልፈርድም። ሕጉ ከከለከለኝ ልመለስ።»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አይከለክልም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውም የዳኛ ድምፅ አልነበረም።

ሌታ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ሽማግሌው በክንዱ ያዙት። በዚያን ጊዜ ከኋላ ጌጤነሽ የተባለች የጉደር ሴት ብድግ አለች። ጎረቤቷን በስድብ ከስሳ ያሳሰረች ነበረች። «ጌታዬ፣ ዋስ መሆን ለሴት ይፈቀዳል?» ብላ ጠየቀች። እንባዬን ለመደበቅ ወደ ጣራው አየሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ሽማግሌዎች ንቡ ባረፈበት ቀፎ እንዲቀር፣ የመጀመሪያው ማር የኦቦ ዲንሳ እንዲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለቱ እኩል እንዲካፈሉ ፈረዱ፤ ዳኛውም እርቁን ተቀበሉ። ጉታና ሚስቱ መድኃኒት ደርሶላቸው ዳኑ፤ ጋቢ ሁሉ በፈላ ውሃ ተቀቀለ። ሌታ ማሳውን ሲያርስ ከደኑ የሚወጣው ከርከሮ መንገድ አጣ፤ የኦቦ ዲንሳ በቆሎም ዳነ። ከርከሮው የሚገባባቸው ጠባቂ ባጣው በሌታ ማሳ በኩል እንደነበረ ሽማግሌው ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ዛሬ በጊንጪ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዋርካው ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ የስድብና የወሰን ነገር እነርሱን ሳያይ አምቦ አይሄድም። በዋስ እጦት የሚታሰር ጎረቤት እንዳይኖርም በየተራ ዋስ ይሆናሉ። ወሰንየለሽ እንደነገረችኝ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ አሁን ሰው ብቻውን መገላበጥ ይችላል። በጠበበ ቤት ያሰርነው ሰው በሽታውን፣ ያላረሰውን መሬትና ቂሙን ይዞ ወደ እኛው ይመለሳል፤ በዋስና በእርቅ የተፈታ ግን አራሽ ሆኖ ይመለሳል። አንባቢ ሆይ፣ ቀጠሮ ያለህ እንደሆነ ጉልበትህን አታሳምም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ከዐይኔ የማይጠፋው የመልሳችን ጉዞ ነው። የዋስትናው ወረቀት ሲያልቅና መጽሐፌ ሲገኝ ረቡዕ ሆነ፤ ኦቦ ዲንሳ፣ ሌታና እኔ በአንድ አውቶቡስ ልንመለስ ተስማማን። እንደ ልማዱ ሞልቷል። ኦቦ ዲንሳ እንደምንም አንድ መቀመጫ አግኝተው ተቀመጡ። ሌታ ለእነ ጉታ የሚላከውን መድኃኒት ከነርሷ ተቀብሎ ዘግይቶ መጣና በሩን ይዞ ገባ። ከድካሙ የተነሣ ይወዛወዝ ነበር።

ኦቦ ዲንሳ ብድግ አሉ።

«ኖር!» አሉ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«ኧረ ኦቦ! እኔ ለእርስዎ ነው እንጂ!» ሌታ በድንጋጤ እጁን አወናጨፈ። «በእግዜር ይቀመጡ!»

«አልቀመጥም። አንተ ተቀመጥ።»

«እርስዎ ቆመው? አላደርገውም!»

ተሳፋሪው ይህ ምን እንደሆነ አያውቅም። ረዳቱ «አንዳችሁ ተቀመጡና ሰው ላስገባ!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም አልሰሙትም። ሽማግሌው በግራ፣ ሌታ በቀኝ፣ ወንበሩን በመካከላቸው አድርገው ቆሙ፤ አንዱ ለሌላው እየለቀቀ። የቆሙት ተሳፋሪዎች ወንበሩን ያያሉ፣ ሁለቱን ያያሉ፣ ዐይናቸውን ይመልሳሉ። እኔም ቆሜ ነበር፤ ልቀመጥባት ግን አልደፈርኩም።

ሰው በሰው ላይ የተጫነበት ያ አውቶቡስ ያችን አንዲት ወንበር ባዶዋን ይዞ ጊንጪ ደረሰ።